የዘጠኝ ተኩሉ ጎብኚ

ማክሰኞ፣ ጥር 6። ብርድ፣ ዝቅ ያለ ደመና። በስብሰባው የነበርነው አለቃችን፣ ሰዓሊው፣ ሒሳብ ሠራተኛዋና እኔ።

ለሰፈራችን ክሊኒክ የሠራነው፣ ሰው በስልኩ ቀጠሮ የሚይዝበት ገጽ ከነገ ጀምሮ ለሙከራ ይከፈታል። የሚከፈተው የኔው ነው። ሰዓሊው የሰው አካል ሥሎ አምጥቶ ነበር (ሰዓሊው የምንለው ድረ ገጾቻችንን የሚያስውበውን ልጅ ነው፤ ዕድሜው ከሠላሳ ብዙም አይዘልም)። ከራስ እስከ እግር ጥፍር ብዕሩን ሳያነሳ የሣለው ይመስላል። በሽተኛው የሚያመውን ቦታ በጣቱ ነክቶ ያልፋል። አንድም ቃል የለበትም። ቆንጆ ነው፣ ቆንጆነቱን ክጄ አላውቅም። ግን ሰው ሲያየው ጌጥ እንጂ የሚነካ ነገር አይመስለውም አልኩ። በአሮጌ ስልክም እስኪከፈት ዕድሜ ይፈጃል አልኩ።

የኔው ገጽ አንድ ሳጥን ነው ያለው። ከበላዩ «ሕመምዎን በአጭሩ ይጻፉ» ይላል፣ ከጎኑ ቀይ ኮከብ አለ። ሳይሞሉት ማለፍ አይቻልም። ከሥሩ አውራ ጣት የማይስተው ሰፊ ቁልፍ።

አለቃችን ሁለታችንንም ሰማና ፈረደ። አራት ሳምንት። ቅጹን ከጀመሩት መቶ ሰዎች ሰማንያው ከጨረሱ የኔው ይጸናል፣ በየካቲት መጨረሻ የሚያበቃው ውሌም ይታደሳል። ካልሆነ ሥዕሉ ይገባል። ያኔ ውሌ ምን እንደሚሆን አልተናገረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሰዓሊው ሲወጣ ፈገግ ብሎ «ይቅናዎት» አለኝ። ፈገግታው አልጣመኝም።

ሐሙስ፣ ጥር 8። ፀሐይ ወጥታለች።

ከአሥራ ሰባት ሰው አሥራ አምስቱ ጨርሰዋል። ደስ ብሎኛል፣ ለማንም አልተናገርኩም።

እኔ ይህን ሥራ ተቀምጬ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ማተሚያ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ ተበላሽተው የሚጣሉ የኮምፒውተር መማሪያ መጻሕፍት ገጾችን ከቅርጫት እየለቀምኩ ነው ያወቅኩት። አንዳንዱን ትምህርት መጀመሪያውን ሳላገኝ መጨረሻውን ብቻ አውቀዋለሁ። የጆግ ፈተናውን ግን ከማንም አልወሰድኩትም። አዲስ ገጽ ሲሠራ አንድ ሰው ጠርቼ በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው ውሃ የሞላ ጆግ አስይዝና «በል ቀጠሮ ያዝ» እለዋለሁ። ውሃው ከፈሰሰ ገጹ አይረባም ማለት ነው። ሰው እንዲህ ያለ ገጽ የሚከፍተው ልጅ ታቅፎ፣ ድስት እያማሰለ፣ እያመመው ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ቀሚሷ ከራሰ ወዲህ ወደ ጠረጴዛዬ ዝር አትልም።

ትናንት ማታ ስለ ገጹ ለእትዬ ነገርኳት። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ቤቱም የሁለታችን ነው። ባለፈው ወር አሮጌ ስልኬን ሰጥቻታለሁ፣ እስካሁን ለመደወል ብቻ ትጠቀምበት ነበር። ትናንት ግን ገጽ እንዴት እንደሚከፈት አሳዪኝ አለችኝ። አሳየኋት። ቶሎ ገባት።

ሰኞ፣ ጥር 12። ንፋስ።

አንድ ነገር አየሁ።

የገጹ ጎብኚዎች መዝገብ አሠራር እንዲህ ነው። ሰው ቅጹን እስኪጨርስ ድረስ ስሙን አላውቅም። የገባበትን ሰዓት፣ የስልኩን ዓይነት፣ የት እንደቆመና ስንት ፊደል ጽፎ ስንቱን እንደሰረዘ ብቻ ያሳየኛል። ካለፈው ሐሙስ ወዲህ አንድ ሰው በሥራ ቀን ሁሉ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል። ቀን ይመርጣል። ሳጥኔ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ጥቂት ፊደል ይጽፋል፣ ይሰርዛል። ይወጣል።

ሐሙስ ስድስት ፊደል፣ ዓርብ ዘጠኝ፣ ዛሬ ሦስት።

ስልኩ ትንሽ፣ ያረጀ ነው። አገሩ ሁሉ የያዘው ዓይነት።

ረቡዕ፣ ጥር 14። ደመና።

ትናንትም ዛሬም መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አንድ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ። የታመመ ሰው እንዲህ ሰዓት ያከብራል? ይህ ሥራዬ ብሎ የያዘው ሰው ነው። በቀን የሚገባው ሰው አሥራ አምስት ቢሆን ነው፣ አንዱ ሆን ብሎ እየጀመረ ቢተወው ቁጥሬ የት ይደርሳል?

ዛሬ ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ዓይኔን ከስክሪኑ አንስቼ ቢሮውን ቃኘሁ። አለቃችን አለ። ሒሳብ ሠራተኛዋ አለች። የሰዓሊው ወንበር ባዶ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከደረጃው በኩል ስልኩን ወደ ኪሱ እየከተተ ገባ።

የገባበትን ደቂቃ በወረቀት ጫፍ ላይ ጻፍኩ።

እራት ላይ እትዬ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ጠይቃኝ አታውቅም። ሰው እዚያ ሳጥን ውስጥ የሚጽፈውን ማን ነው የሚያነበው አለች።

«እኔ ነኛ» አልኳት። «ለየሐኪሙ የማከፋፍለው እኔ ነኝ። አንዲት ፊደል ሳትቀር በኔ ዓይን ታልፋለች።»

«የሁሉንም?»

«የሁሉንም።»

ኮራ ብዬ ነው የተናገርኩት። እሷ ሳህኖቹን አነሳሳች። አንድ በአንድ፣ በቀኝ እጇ ብቻ።

እሑድ፣ ጥር 18። ፀሐይ።

ቅዳሜም እሑድም ከቤት ሆኜ መዝገቡን አየሁ። የዘጠኝ ተኩሉ ሰው አልመጣም። ቢሮ ሲዘጋ እሱም ይዘጋል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ።

ልብስ አጥበን እኔ ነኝ ያሰጣሁት። እትዬ ክንዴን ይዞኛል አለች፤ ያልተመቻት ሥራ ሲሆን ሁሌ አንድ ነገር ይይዛታል። ሌላም ነገር አለ። ሳላንኳኳ ስገባ ስልኩን ከትራስ ሥር ሸጎጠችው። ወንድማችን ቤቱን እንሽጠው ማለት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። ከሱ ጋር ሳይሆን አይቀርም የምትጻጻፈው። ስልክ አስተማርኳት፣ መልሳ በኔው ላይ ልታዞረው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ አፈርኩ። ግን አልሰርዘውም።

ማክሰኞ፣ ጥር 20። ካፊያ። ቤት ዋልኩ።

ጉንፋን። እትዬ ትኩስ ነገር እያመጣች ደጋግማ ሥራ አትሄጂም ወይ አለችኝ። ትከሻዬ ላይ ልብስ ጣል አደረገችልኝና «ነገስ ትሄጃለሽ?» አለች። የሬዲዮ ትረካዋ በዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሲያልቅ ወትሮ ታንጎራጉራለች። ዛሬ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እጅ እጇን አየች።

ተጋድሜ መዝገቡን ከፈትኩ። ዘጠኝ ተኩል፣ አሥር፣ አሥር ተኩል። ማንም አልመጣም። ቢሮ አለመኖሬን አይቶ ተወው። የሚሠራው እኔ እንድመለከተው ብሎ ነው እንጂ!

ዓርብ፣ ጥር 23። እየቸኮልኩ።

ከመቶ ሰባ ስምንት። ያንን አንድ ሰው ባወጣው ሰማንያ አራት። አለቃዬ ማውጣት አይቻልም አለ።

ውሃ ልቀዳ ስሄድ ከበሩ ወዲያ ሒሳብ ሠራተኛዋን ሰማኋት። «እመት ሰፊ ቁልፍ ዛሬ ማንን ልትጠረጥር ነው?» ሳቁ። የወንድ ሳቅም ነበረበት። የሱ ይሁን አይሁን አልለየሁም። የሱ ነው።

ዛሬም መጣ። አሥራ አንድ ፊደል። እስከ ዛሬ ከጻፈው ሁሉ ይበልጣል። ሙሉውን አጠፋው።

ሰኞ፣ ጥር 26። ብርድ። በአለቃዬ ክፍል፦ አለቃዬ፣ ሰዓሊው፣ እኔ።

መጻፍ ያለብኝን እንዳለ ልጻፍ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ሲሆን ተነሥቼ ወደ ደረጃው ሄድኩ። ሰዓሊው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆሟል። በግራ እጁ ስልክ፣ በቀኝ እጁ የቢሮውን የውሃ ጆግ፣ እስከ አፉ ሞልቶ። ጆጌን! ሊቀልድብኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሰው ደረጃው እስኪያስተጋባ ተናገርኩ፤ አለቃዬ ወጣ፣ ወደ ክፍሉ አስገባን።

ያጠራቀምኩትን ሁሉ ዘረገፍኩ። ሰዓቱን፣ ቅዳሜና እሑዱን፣ ጉንፋን የያዘኝን ቀን። ሰዓሊው አልተቆጣም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ትልቅ አዲስ ስልክ ነው። የተከፈተው የራሱ ሥዕል ነበር።

«በእርስዎ ጆግ ሥዕሌን እየፈተንኩት ነበር» አለ። «በአንድ እጅ ሲሆን ጣት የሥዕሉን ክንድ ይስታል። ጠረጴዛዬ ላይ ብፈትነው ይስቁብኛል ብዬ ነው ደረጃ ላይ የምሄደው።»

«አሮጌ ስልክ የለህም?»

«የለኝም።»

«አለመኖሩን በምን አውቃለሁ?»

አለቃዬ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና በቃ አለኝ። ሰዓሊው ጆጉን አንሥቶ ወጣ። ውሃው ጠብ አላለም። እሱን አስተዋልኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥር 27።

ሰዓሊው ዛሬ ከወንበሩ አልተነሣም። እኔን ብሎ ነው። ፊት ለፊቴ ሁለቱንም እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ። መዝገቡ ተንቀሳቀሰ። ሰውየው ገባ። ሳጥኔ ጋ ቆመ። አንድ ፊደል። ሁለት። አራት። የሰዓሊውን እጆች አየሁ፣ አልተንቀሳቀሱም። ስክሪኑን አየሁ። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ባዶ። ወጣ።

ሰው ቀጥሮ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ያሰብኩትን ሰማሁት።

እንቅልፍ የለኝም። ሰውየው ሰዓሊው ካልሆነ ማነው? ሰው እንዴት ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ በር እያንኳኳ አይገባም?

ረቡዕ፣ ጥር 28። ጭጋግ፣ ረፋዱ ላይ ገለጠ።

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ እትዬን ከክሊኒኩ በኩል ስትመጣ አገኘኋት። እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው አለች። የክሊኒኩ ዘበኛ ቀልደኛ ነው አለችኝ፤ አሁን ሁሉ ነገር በስልክ ነው፣ ያለ ቀጠሮ ከደጅ አናሳልፍም ይላል፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው የሚመስለው አለች። ያንን ደንብ ያስገባነው እኛ ነን አልኳት። ነጠላዋን በደረቷ ላይ ጠበቅ አድርጋ «እንግዲያማ ጥሩ ነው» አለች።

ሰዓሊው ከሰዓት በፊት ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። ከሰኞ ወዲህ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ወንበር አልሳበም፣ ቆሞ ነው የተናገረው።

«ያ ሰው ማንበብ ይችላል፣ ይጽፋል። ቁልፍዎንም አልሳተም፣ እዚያ ድረስ ይደርሳል። ገጹ አይመስለኝም ያስቸገረው። ጥያቄው ነው።»

ጥያቄው ምን ሆነ አልኩት።

«መጻፍ የማይፈልገው ነገር ቢሆንስ?»

ሳጥኑ ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ ለሚቆም ሰው ብቻ ሥዕሉ ከሥር ብቅ ይበል አለ። ለሌላው ሰው ምንም አይለወጥም። ቁጥሬን ሊያበላሽ ነው ወይስ ሊረዳኝ ብዬ ፊቱን አጠናሁት። ምንም አላገኘሁበትም፣ ድካም ብቻ። እሺ አልኩ። እውነቱን ለመጻፍ፣ እሺ ያልኩት ሰውየውን ለመያዝ ነው።

ማታ ድረስ ሠራን። ሥዕሉን ለአሮጌ ስልክ እንዲቀል አደረገው። ክንዱን አወፈረው፣ ደረቱን ሰፋ አደረገው። ሥዕሉ እንደ ድሮው አያምርም አልኩት። ጣት ያገኘዋል ግን አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 29። ጥርት ያለ ሰማይ። ከቢሮ በዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ወጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ላይ ገባ። ነገን መረጠ፣ ዓርብ ጠዋት። ሳጥኔ ጋ ቆመ። ዛሬ አንድም ፊደል አልጻፈም። አንድ ደቂቃ ሞላ። ሥዕሉ ወጣለት።

በአራት ሴኮንድ ነካ።

መዝገቡ ላይ «ጡት፣ ግራ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። ሰዓሊው ከኋላዬ ቆሞ «አለፈ» አለ፣ እኔም እጄን አጨበጨብኩ። ይህን መጻፍ አለብኝ። አጨበጨብኩ።

ከዚያ ቅጹ ተሞልቶ መጣ። ስም። ዕድሜ ስልሳ አንድ። የቤት ቁጥር። በችግር ጊዜ የሚጠራ ሰው፦ የኔ ስልክ ቁጥር። ዝምድና፦ እህት።

ስሙን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰዓሊው ምን ሆኑ አለኝ። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ቅዳሜና እሑድ ቤት ነበርኩ። ጉንፋን የያዘኝ ቀን ቤት ነበርኩ። ስልኩን የሰጠኋት እኔ፣ ማን ያነበዋል ስትለኝ እኔ ያልኳት እኔ። ልብሱን ሳሰጣ ያማኋት እኔ። የሰው ሁሉ ሕመም በዓይኔ ያልፋል ብዬ ከአንድ ገበታ ስበላ የከረምኩ እኔ።

ስገባ ሬዲዮው ጠፍቷል። እትዬ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሩን ታያለች።

«ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ።»

«ሥዕሉ ጥሩ ነው» አለች። «ማን ነው የሣለው?»

አንድ ልጅ አልኳት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። መቼ ነው ያገኘሽው ስላት በመስከረም አለች፤ መጀመሪያ እንደ ባቄላ ነበር፣ ከዚያ ክንዷ መክበድ ጀመረ። ሁለቴ ክሊኒኩ ድረስ ሄዳ ዘበኛው መልሷታል። እንዳላነብብሽ ብለሽ ነው ያልጻፍሽው አልኳት።

«አንቺ አንዴ ካወቅሽ እህል ከአፍሽ አይገባም፤ አውቅሻለሁ» አለች። ስልኩን ከጭኗ አንሥታ ጎኗ አኖረችው። «ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። እጽፈዋለሁ፣ ከዚያ አየዋለሁ። ተጽፎ ሳየው እውነት ይሆንብኛል። አጠፋዋለሁ። መንካት ይሻላል፣ እሱንማ ሲነጋ ሲመሽ እነካው የለ።»

ወንድማችን ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

«ምኑን ያውቃል እሱ፣ ቤት ይሸጣል እንጂ» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቄ ሌላ ነገር ሆነብኝ። እትዬ በቀኝ እጇ ራሴን ወደ ትከሻዋ ሳበችው፣ በቀኙ ትከሻዋ በኩል።

ዓርብ፣ ጥር 30። ብርዳም ጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። እትዬና እኔ።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሣሁ። ውሃ አሞቅኩ። እትዬን ጀርባዋን አጠብኳት፣ ግራ ክንዷን ቀስ አድርጌ። ከፊት በኩል ሲደርስ ስፖንጁን ተቀበለችኝ።

አንድ ሰዓት ከሃምሳ ክሊኒኩ በር ላይ ነበርን። ዘበኛው ስልኳ ላይ ያለውን ቀጠሮ አየና «ዛሬማ እመቤት ሆኑ» አላት። እሷም «እህቴ ናት የከፈተችልኝ» አለችው። አላረምኳትም።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ተጠራች። ሐኪሟ ሴት ናት። ቅጹን ስታይ የት እንደሆነ አልጠየቀቻትም፣ እጇን ቀጥታ እዚያው አሳረፈች። በመርፌ ናሙና ወሰደች። ውጤቱ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው አለች። 

አራት ሰዓት ላይ እትዬን ቤት አስገባሁ፣ ጋቢ አለበስኳት፣ ሬዲዮውን ከፈትኩላት።

አምስት ሰዓት ከአሥር ቢሮ ደረስኩ። ሰዓሊው ጠረጴዛ ጋ ሄጄ ሰው በተሰበሰበበት ይቅርታ ጠየቅኩት። ያ ሰው እህቴ ነበረች አልኩ። ቀና ብሎ አየኝና ተነሥቶ ወንበሩን ሰጠኝ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ራሷን ወረቀቷ ውስጥ ደፋች። አብረን ቀዩን ኮከብ አነሣነው። ሥዕሉን ከላይ፣ ሳጥኑን ከሥር አደረግን፤ «ከፈለጉ ይጻፉ» የሚል ጨመርኩበት። ከሥዕሉ በታች ያለው ቁልፍ ሰፊ ሆኖ ይቅር አለኝ። ይቅር አልኩት።

ከዚያ አለቃዬ ጋ ገብቼ ሰው የሚሞላው ቅጽ ከእንግዲህ ቀጥታ ለሐኪሙ ይሂድ፣ የኔ መግቢያ ይዘጋ አልኩ። ያለ መዝገቡ ቁጥርሽን በምን ታውቂያለሽ አለኝ። አላውቅም አልኩት። ጥቂት አየኝና ዘጋው።

ስድስት ሰዓት ከአምስት ላይ መዝገቡን ለመክፈት ሞከርኩ። አልተከፈተልኝም። ደግሜም ሞከርኩ። ከዚያ ጆጉን አጥቤ ቦታው መለስኩት።